ባለ ሦስት ጣቱ ፈረስ በቀበሌ መዝገብ

ሶፍያ፣ ቡልጋሪያ
ጥቅምት 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ገብረጻድቅ፤ አሰበ ተፈሪ

እንደምን ሰነበቱ? ቦራስ እንደምን ነው? እማዬስ? ፈረሱን ከእናቴ ማስቀደሜ ድፍረት ሆኖ እንዳይታይብኝ፤ እርስዎ በየደብዳቤዎ የሁለቱን ደኅንነት የሚነግሩኝ በዚሁ ተራ ስለሆነ ለምጄው ነው። እኔ አምላክ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ብርዱ ከወዲሁ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ትምህርቱም ደህና ነው።

የእማዬን የጉልበት ሕመም በተመለከተ ሙቀት ይስማማዋል። ብዙ ባትቆም ጥሩ ነው። ሐኪም ቤት ብቅ ብትል ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

አሁን በአንድ ነገር ላስቸግርዎ። እዚህ አንድ ጓደኛ አለኝ። ትምህርቱ እንደኔ አይደለም፤ እሱ የሚያጠናው ከብዙ ዘመን በፊት ዘራቸው ጠፍቶ አጥንታቸው ድንጋይ የሆነ እንስሳትን ነው። ከቦርደዴ ወዲያ ባለው ገደላገደል ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ አጥንት ለቅመው ነበር ይላል። ከሁሉ የሚፈልገው ሂፓሪዮን የሚባል የፈረስ ዘር ጥርስ ነው። ቁመቱ ከአህያ ብዙም አይበልጥም። በእያንዳንዱ እግሩ ሦስት ጣት ነበረው፤ የመካከለኛው ትልቅ ሆኖ መሬት ይረግጣል፣ ሁለቱ ትንንሾች ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ዛሬ እንዲህ ያለ ፈረስ በዓለም ላይ አንድም የለም። ወዳጅዎ አቶ ኢስማኢል ግመሎቹን በዚያ በኩል ስለሚያሰማራ፣ ድንጋይ የመሰለ ጥርስ ካየ እንዲያነሣልኝ ቢጠይቁት ውለታዎን አልረሳም። ለጓደኛዬ ማለቴ ነው።

የእህትዎ ልጅ ኃይለገብርኤል ዘገየ


አሰበ ተፈሪ
ኅዳር 22 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዶክተር ኃይለገብርኤል

እመቤቴ በሄድክበት ትከተልህ፤ አብዮታዊ ሰላምታም ይድረስህ፤ ይህን ፖስታ በየመንገዱ እየከፈታችሁ የምታነቡ ጓዶችም ጤና ይስጥልን። ቦራ ደህና ነው። እናትህም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት።

ሐኪም ቤት ትሂድ ያልከውን አነበብኩላት። «የገዛ ልጄ ዶክተር ሆኖ ሳለ ጉልበቴን ለባዕድ አላሳይም፤ መጥቶ ያየኛል» አለች። ይኸው ጉልበቷን አስቀምጣልህ እየጠበቀችህ ነው። አንተም «ሙቀት ይስማማዋል» ከምትል የመድኃኒቱን ስም ብትጽፍ ምን ነበረበት? ሙቀትንማ እዚህ ፊደል ያልቆጠረውም ያዝዛል። ጎረቤታችን ሙሉም ባሏ ሌሊት ሌሊት እያንኮራፋ ሰፈሩን አላስተኛ ስላለ ምን እንደሚሻለው ጠይቅልኝ ብላለች።

ወደ ጉዳይህ ልምጣ። ኢስማኢልን ቅዳሜ ገበያ አግኝቼ ብነግረው ሳቀብኝ። «ገብሬ፣ ጥርስ ነው የቸገረህ? ወላሂ ጎርፍ ባለፈ ቁጥር ግመሌ የሚረግጠው ጥርስ ነው» አለ። በሳምንቱ አንዷን በሽርጡ ጫፍ ቋጥሮ አመጣልኝ።

አየኋት። መቼም ታውቃለህ፣ ጋሪ ከመያዜ በፊት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሂርና እስከ ገለምሶ ፈረስና በቅሎ ስነግድ ኖሬያለሁ። ባለቤቱ ይዋሸኛል እንጂ ጥርሱ ዋሽቶኝ አያውቅም። ይህች የመንጋጋ ጥርስ ናት፤ የላይኛው፣ በግራ በኩል። የፊት ጥርስ ብትሆን ወሩን ጭምር እነግርህ ነበር። አበላሏን አይቼ የፈረሱ ዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ነው ብያለሁ። ደረቅ ሣር ከነአሸዋው ሲግጥ የኖረ ነው፤ ባለቤቱ አልተንከባከበውም። ለጓደኛህ እንዲህ ብለህ ንገረው።

ሦስት ጣት ያልከውን ግን እኔም ኢስማኢልም አልተቀበልነውም። ለቦራ አራት ጫማ ማስመታት እንኳ ስንቱን ያስለምነኛል፤ ለአንድ ፈረስ አሥራ ሁለት የሚያስመታ ሰው ከየት ይመጣል?

አጎትህ ገብረጻድቅ


ሶፍያ
ጥር 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ

ጤናዎን እየተመኘሁ ነው የምጽፈው። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ በመኝታ ቤቱ ኮሪደር ላይ ስለጮህኩ፣ ሞንጎሊያዊው ጎረቤቴ አገር ቤት ሰው የሞተብኝ መስሎት ሊያጽናናኝ መጣ። ጓደኛዬ እጅግ ደስ ብሎታል።

ዕድሜውን በተመለከተ ግን በትሕትና ላርምዎ። ጓደኛዬ እንደሚለው ነገሩ ዘጠኝ ዓመት ሳይሆን አሥር ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

አንድ ነገር ያረጋግጡልን። በጥርሷ ማኘኪያ ላይ የተጠማዘዘ መስመር ያያሉ። የዛሬ ፈረስ ከሆነ ወደ ምላስ በኩል ያለው ትንሽ ክብ በቀጭን አንገት ከሌላው ጋር ተያይዟል። ሂፓሪዮን ከሆነ ግን ያ ክብ እንደ ሐይቅ ደሴት ለብቻው ቆሟል። የቦራን አፍ ከፍተው ቢያስተያዩልን መልሱ ይገኛል።

ደግሞ አደራ፣ ይህች ጥርስ ያገር ቅርስ ናት። ከእጅዎ እንዳትወጣ። ማንም ተነሥቶ የኔ ናት እንዳይል ይጠንቀቁ።

የወይዘሮ ሙሉ ባል በጎኑ ይተኛ። የእማዬ ጉልበት እንደተለመደው ሙቀት አይለየው፤ ሐኪም ቤቱንም አይርሱብኝ።

ኃይለገብርኤል


አሰበ ተፈሪ
መጋቢት 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ

የዐቢይ ጾም ሰላምታዬ ይድረስህ። ጓዶችም፣ ብትጾሙም ባትጾሙም፣ እንደምን ከረማችሁ?

አሥር ሚሊዮን! ሦስት ቀን ተናድጄ ብዕር ሳላነሣ ቀረሁ። እኔ ዘጠኝ አልኩ፤ ጓደኛህ አሥር ሚሊዮን አለ። በገበያ ወግ ቢሆን እሱ ትንሽ ወረድ፣ እኔ ትንሽ ወጣ ብለን መሐል ላይ እንታረቅ ነበር፤ ይህ ግን መሐልም የለው። እንዲህ ያለ ዋጋ የጠራ አንድ ሰው በደሳ ገበያ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ በቅሎውን እንደያዘ ነው። መምሬን ብጠይቃቸው ደግሞ ዓለም ከተፈጠረ ዘንድሮ ሰባት ሺህ አራት መቶ ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው አሉኝ። እንግዲህ ጓደኛህ ከፈረሱ በፊት ፈረሱ የሚቆምበትን ያምጣ።

ደሴቲቱን ግን አግኝቻታለሁ። የቦራን አፍ በባትሪ አብርቼ አየሁ፤ የሱ ክብ ባልከው አንገት ተያይዟል፣ አውራ ጣቴንም ነክሶኛል። የኢስማኢል ጥርስ ላይ ያለችው ለብቻዋ ነው የቆመች። ሠላሳ ዓመት ስንት አፍ ሳይ እንዲህ ያለ ገጥሞኝ አያውቅም። ለሱ ስል ብቻ ሦስቱን ጣት ለጊዜው ተቀብያለሁ። የጥርሷን ሥዕልና ልኬት ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ።

ማንም የኔ ናት እንዳይል ያልከውንም ፈጽሜያለሁ። ሰው በባዶ ቃል ይጠንቀቅ፤ እኔ በማኅተም ነው የተጠነቀቅኩት። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተሻለ የቤት እንስሳት መዝገብ ይዞ በየደጁ ሲዞር፣ ይህንንም ጻፍልኝ አልኩት። መዝገቡ ላይ የጥርስ ዓምድ የለም። ስለዚህ ባለው ዓምድ አስገባነው። ዓይነት፣ ፈረስ። ብዛት፣ አንድ። ቀለም፣ ግራጫ። ዕድሜ፣ ዘጠኝ፤ የጓደኛህን ብነግረው ቁጥሩ ከመስመሩ ያልፍ ነበር። መለያ ምልክት፣ ሦስት ጣት። የሚገኝበት ስፍራ፣ ቦርደዴ፣ በኢስማኢል ጥበቃ ሥር፤ ጥርሷ እኔ ዘንድ ብትሆንም ቀሪው አካሉ እዚያ ነውና። ፈረምኩ፣ ማኅተም አረፈበት። ከእንግዲህ ማን ደፍሮ ይነካታል?

የሙሉ ባል በጎኑ ተኝቶም ያንኮራፋል። እሷ ግን መድኃኒትህ ሠራ እያለች ለሰው ታወራለች። እናትህ ይህን ስትሰማ አንገቷ አንድ ስንዝር ረዘመ።

አጎትህ


ሶፍያ
ግንቦት 6 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምሥራች ይዣለሁ። የላኩትን የጥርሷን ሥዕልና ልኬት ፕሮፌሰሩ አይተው እርስዎ ልክ ነዎት ብለዋል። ፈረሱ ሲሞት ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነበር ዕድሜው። ከሞተ ደግሞ አሥር ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። እርስዎ የተናገሩት የኖረበትን ነው፣ ጓደኛዬ የተናገረው የሞተበትን። ፕሮፌሰሩም «አጎትህ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የተመረቁት?» ብለው ጠየቁኝ። ጓደኛዬን ማለቴ ነው።

ስለ መዝገቡ ግን ትንሽ ሰጋሁ። የሞተ መሆኑ አንድ ቦታ ላይ ተጽፏል?

ኃይለገብርኤል


አሰበ ተፈሪ
ነሐሴ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። ጓዶችም እባካችሁ አንብባችሁ ቶሎ ዝጉት።

አልተጻፈም። የሞተ የሚል ዓምድ አልነበረማ!

ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እስቅ ነበር፤ አሁን እኔው ፈረስ አለኝ በመሬት ውስጥ ሆኛለሁ። በየገጠሩ መንደር ምሥረታ እንደተጀመረ ሰምተህ ይሆናል። ገበሬው ጎጆውን አፍርሶ አንድ ቦታ ላይ በረድፍ ይሠራል። ምሰሶውንና ሣሩን የሚያጓጉዝ ከብት ስላስፈለገ መመሪያ ወጣ፤ አንድ የጭነት ከብት ያለው ይተውለታል፣ ሁለት ያለው አንዱን ለስድስት ወር ያበረክታል። እኔ ያለኝ ቦራ ብቻ ነው ብዬ እግሬን ዘርግቼ ተኝቼ ነበር። ተሻለ መዝገቡን ገልጦ «ጓድ ገብረጻድቅ፣ ሁለት ፈረስ» አለ።

አንዱ ጥርስ ነው አልኩት። «ፈረስ ነው የሚለው። ያስመዘገቡትም እርስዎ ነዎት» አለኝ። ሞቷል አልኩ። «መቼ?» አለ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አሥር ሚሊዮን ዓመት ብል አበደ ሊለኝ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ብል ቆዳውን ሊጠይቀኝ ነው። የተመዘገበ ከብት ሲሞት ቆዳው ወይም ጆሮው ይቀርባል ይላል መመሪያው። ጆሮ ከየት ልውለድ?

ኢስማኢል ከቦርደዴ ድረስ መጥቶ መሰከረልኝ። «ፈርድኒ ኩን ዱኤራ! ሞቷል፣ ወላሂ! ከአያቴ አያት በፊት ሞቷል!» እያለ ማለ። ተሻለ «ሲሞት አይተሃል?» አለው። አላየሁም አለ። «በአንተ ጥበቃ ሥር ሆኖ ሞቶ ካላየህማ ጥበቃህ ምን ነበር?» ብሎ ስሙን ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሣ፣ ኢስማኢል ግመሎቼ ጠፉ ብሎ ወጣ። ተሻለ ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ በማኅተም የታተመውን ሁሉ ማመኑ ነው።

ባለ ሦስት ጣቱን ካላመጣሁ ኅዳር 15 ቀን ቦራን ይወስዱታል። ስድስት ወር ዳገት ለዳገት ምሰሶ የጎተተ ፈረስ ምን ሆኖ እንደሚመለስ አንተ አይጠፋህም። ከተመለሰ ነው እሱም። ከእሱ ሌላ ገቢ የለኝም፤ እናትህም የምትበላው ከእሱ ጀርባ ነው። ልጄ፣ አልደብቅህም፣ ፈርቻለሁ። ጓደኛህ ይህ ፈረስ መሞቱን በማኅተም ያረጋግጥልኝ።

አጎትህ ገብረጻድቅ


ሶፍያ
መስከረም 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ

እንኳን አደረስዎ። አዲሱ ዓመት ለእርስዎም ለቦራም የደስታ ይሁን። ፕሮፌሰሩ ነገሩን ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቀጥሎ ስለ ቦራ ነገርኳቸውና ሳቁን አቁመው ወረቀት አወጡ። የፈረሱን ሞት የሚያረጋግጠው ጽሑፍ ከዚህ ጋር ነው። ሦስት ማኅተም አለው፤ አንዱ ቀይ ነው። ለጓድ ተሻለ ከዚህ በላይ ምን ይቀርባል?

ኃይለገብርኤል


ቴሌግራም
ከአሰበ ተፈሪ፤ ጥቅምት 9 ቀን 1978

ወረቀት ደረሰ። ተሻለ ማኅተሙን አደነቀ። አልተቀበለም። ቡልጋሪኛ የሚያነብ የለም። ኢትዮጵያዊ በአማርኛ ይመስክር አለ። ሙያው ይገለጽ አለ። የእህቴ ልጅ ይፈርም አልኩ። የሰው ሐኪም ለፈረስ አይመሰክርም አለ። ጓደኛህ ኢትዮጵያዊ ነው ወይ። ቦራ ደህና ነው። እናትህም።


ሶፍያ
ጥቅምት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ

ይህን የምታደርስልዎ ጣሂራ ትባላለች፤ ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ድሬዳዋ የምትመለስ ልጅ ናት። በፖስታ ብልከው ኅዳር 15 ያልፍብናል።

ጓደኛዬ ኢትዮጵያዊ ነው። ያሰበ ተፈሪ ልጅ ነው። አጎቱ ጋሪ ይነዳሉ። እኔው ነኝ።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ሕክምና አልማርም። የምማረው ስለ ድንጋይ አጥንት ነው። ጓደኛ የሚባል ሰው ከመጀመሪያውም አልነበረም። ለምን ሕክምናውን እንደተውኩ አይጠይቁኝ፤ ለመጻፍ ያሳፍረኛል። ዛሬ በሐኪም ስም ፈርሜ ባመልጥ በወደድኩ፣ ግን ጓድ ተሻለ ያንን በር ዘጋው። ቦራ ከሚሄድ የኔ ስም ይሂድ።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ወረቀቱን ለጓድ ተሻለ በእጁ ይስጡት፣ በልቡ ያንብበው። እማዬ እንዳትሰማ።

ኃይለገብርኤል

(አብሮ የተላከው)
ለሚመለከተው ሁሉ

በጓድ ገብረጻድቅ ስም የተመዘገበው ግራጫ ባለ ሦስት ጣት ፈረስ፣ የዘጠኝ ዓመት ዕድሜ ሳለው፣ ከዛሬ አሥር ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በቦርደዴ አካባቢ የሞተ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ዘሩ በሙሉ ያለቀ ስለሆነ ምትክ ማቅረብ አይቻልም። ቆዳና ጆሮ አልተረፈም።

ኃይለገብርኤል ዘገየ፤ በጠፉ እንስሳት ቅሪት ጥናት የአምስተኛ ዓመት ተማሪ፤ የሰው ሐኪም ያልሆነ።


አሰበ ተፈሪ
ኅዳር 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለ ............ ኃይለገብርኤል

ማዕረግህን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ራስህ ሙላው።

ቦራ ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ጭድ እየበላ ነው። በቅድሚያ ይህን ልንገርህና ሌላውን ቁጭ ብለህ አንብብ።

ወረቀትህን እንዳዘዝከኝ በተሻለ እጅ አስጨብጬ፣ በጆሮው «በልብህ አንብበው» አልኩት። «የሕዝብ ጉዳይ በልብ አይነበብም» ብሎ የእሑዱ ስብሰባ ላይ መድረክ ላይ ወጣ። እናትህ የት እንደነበረች ልንገርህ? ጉልበቷን ስለሚያማት ሁልጊዜ የፊት ወንበር ይለቀቅላታል።

አነበበው፤ ድምፁ ደግሞ ለክፉ ቀን የተሠራ ነው። «ዘሩ በሙሉ ያለቀ» የሚለው ላይ ሲደርስ ከኋላ አንዱ ሽማግሌ «ነፍስ ይማር» አለና ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔም አወለቅኩ። «የሰው ሐኪም ያልሆነ» ሲል ግን ሰው ሁሉ ወደ እናትህ ዞረ። ሙሉ ተነሥታ «ታዲያ ባሌን በጎኑ ያስተኛው ማነው?» አለች። ተሻለ ቀይ ብዕር አውጥቶ ፈረሱን ሰረዘው፤ «ሞቷል፤ በባለሙያ ተረጋግጧል» ብሎ ጻፈበት፣ ማኅተሙንም አሳረፈ። ደስታዬ ግን ከአዳራሹ በር አላለፈም።

እናትህን በጋሪው ወደ ቤት ወሰድኳት። ቤት ስንደርስ እንዲህ አለች፤ «ለሞተ ፈረስ እውነቱን መሰከረለት። በሕይወት ላለሁት ለኔ ግን ዋሸኝ።»

ከዚያ ሣጥኔን ከፍታ ደብዳቤዎችህን አወጣችና ማንበብ ጀመረች። አዎ፣ ማንበብ። በመሠረተ ትምህርት አምና ተመርቃለች። አልነገርኩህም፤ ያንተን ደብዳቤ ማንበብ የኔ ሥልጣን ስለነበር ከእጄ እንዲወጣ አልፈለግኩም። በጣቷ ፊደል በፊደል እየተከተለች ሁሉንም አየች። ቀና ብላ «ጉልበቷን ሳምልኝ የሚለው የታለ?» አለችኝ። ልጄ፣ እኔም ውሸታም ነኝ። ደብዳቤህን ባነበብኩላት ቁጥር መጨረሻው ላይ «እናቴን ጉልበቷን ሳምልኝ፣ ናፍቃኛለች በልልኝ» እያልኩ ከራሴ እጨምር ነበር። አንተ አንድ ቀን እንኳ አልጻፍከውማ። በወረቀቱ ላይ ፈልጋ ፈልጋ አጣችው።

ይህን በልልኝ ብላለች፤ ለገብረጻድቅ የተጻፈ ደብዳቤ ከእንግዲህ አልሰማም። ለኔ ይጻፍ፣ በኔ ስም። ለምን እንደተወው ይንገረኝ። እስከዚያ ሐኪም ቤትም አልሄድ፣ ስሙንም አላነሣ።

አንተ ቦራን አድነህልኛል። እኔ ግን ከእናትህ ላድንህ አልችልም። ጻፍላት።

አጎትህ


ሶፍያ
ታኅሣሥ 19 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ ደስታነሽ

እማዬ፣ ያንቺን ስም ፖስታ ላይ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጉልበትሽን ስሜያለሁ። ናፍቀሽኛል። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ አጎቴ አይደሉም።

ለምን እንደተውኩት ጠይቀሻል። ደም ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለም። መጀመሪያ ቀን አንድ ሽማግሌ ጣታቸው ላይ የወጣ እባጭ ሲፈነዳ እንድናይ ዙሪያውን አቆሙን። እባጩ ሲፈነዳ እኔ ወደቅኩ። ስነቃ ሽማግሌው ራሳቸው በጤነኛው እጃቸው ያራግቡልኝ ነበር። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ወደቅኩ። ሦስተኛ ጊዜ መርፌውን ብቻ አይቼ ወደቅኩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «ይህ ልጅ ሐኪም ከሆነ ሁለት አልጋ ነው የሚያስፈልገው፣ አንድ ለበሽተኛው አንድ ለእሱ» አሉ። ደማቸው ካለቀ የቆየ እንስሳት የሚጠኑበት ክፍል እንዳለ ሰማሁና ወደዚያ ሄድኩ። እማዬ፣ እወደዋለሁ። የዚያን ፈረስ ጥርስ ነገር ሳነብ የጮህኩት ከልቤ ነው።

ያልነገርኩሽ ቁጣሽን ፈርቼ አይደለም። ስትሸኚኝ አውቶቡሱ ላይ ወጥተሽ፣ ለማያውቁሽ ተሳፋሪዎች ሁሉ «ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው» ስትይ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ያንን ፊት ልወስድብሽ አልቻልኩም። እያፈርኩ ደብዳቤውም ለአጎቴ ብቻ ሆነ፣ ሰላምታውም እያጠረ ሄደ። ጉልበትሽን የጎዳሁትም እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። እባክሽ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ እዚያ ያለው ሐኪም ደም አይፈራም።

ልጅሽ ኃይለገብርኤል


አሰበ ተፈሪ
የካቲት 1 ቀን 1978

ልጄ ኃይለገብርኤል

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ራሴ አነበብኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ማንም አላገዘኝም።

ተቆጥቼ ነበር። ትምህርቱ ከብዶህ ሰንፈህ መስሎኝ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ አፍሬ ነበር።

ትላንት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ገብረጻድቅ በጋሪ ወሰደኝ። ብቻሽን አትገቢም ብሎ አብሮኝ ገባ። ሐኪሙ ከጉልበቴ በመርፌ ውኃ ቀዳ። ትንሽ ደም ነበረበት። እኔ ምንም አልሆንኩም። ገብረጻድቅ ወደቀ። ሦስት ሰው ተሸክሞ አልጋ ላይ አስተኛው። እኔ በእግሬ ቆሜ አራገብኩለት።

ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል። ላንተ ነገርኩህ። አባታችንም ደም ሲያይ ይወድቅ ነበር፣ የፋሲካን በግ ጎረቤት ነበር የሚያርድለት። ረስቼው ነው። ከኛ ወገን ነው የወረስከው፣ ያንተ ጥፋት አይደለም።

ይቅር ብዬሃለሁ። ከእንግዲህ ለኔ ጻፍ። ለገብረጻድቅ እኔ አነብለታለሁ።

እናትህ ደስታነሽ